ለጠባብ ሳሎን የሚሆን የቤት ሲኒማ ስፒከር፦ በአቅም ገዝቶ በደንብ ለመስማት

ቴሌቪዥን በየዓመቱ እየቀጠነ ሲሄድ ድምፁም አብሮ ቀጥኗል። ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት ውስጥ ትልቅ ስፒከር አይገባም፤ ስለዚህ ጥቃቅን ስፒከሮች ከስክሪኑ ሥር ወይም ከጀርባው ይደበቁና ድምፃቸውን ወደ ወለል ወይም ወደ ግድግዳ ይረጫሉ። ውጤቱን በየቤቱ ያለ ሰው ያውቀዋል። ተዋናይዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር አልሰማ ይልና ድምፁ ይጨመራል፤ ሙዚቃው ወይም ማስታወቂያው ሲገባ ደግሞ ሪሞት ፍለጋ ሩጫ ይሆናል።

መፍትሔ ፍለጋ ገበያ የወጣ ሰው ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ካርቶኑ ላይ በትልልቁ «5000 ዋት» የተጻፈበት፣ መብራቱ ከዘፈኑ ጋር የሚጨፍር፣ አምስት ትንንሽ ሳጥንና አንድ ጎምላላ ሰብዉፈር ያለው ሆም ቲያትር ዓይን ይስባል። ይኸው ዕቃ 3 በ4 ሜትር በሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ሲገባ ቤዙ ይጓጉራል፣ ንግግሩ ይታፈናል፣ የኋላ ስፒከሮቹም ገመዳቸው ስለሚያጥር ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይደረደራሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እዚያ ላይ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ለሚፈልግ አንባቢ ነው። መነሻው አንድ ነው፦ በጠባብ ክፍል ገንዘቡ በቅድሚያ መዋል ያለበት ንግግርን ጥርት አድርገው በሚያሰሙ ሁለት የፊት ስፒከሮች ላይ ነው። ሰብዉፈሩም፣ የኋላ ስፒከሩም፣ ጌጡም ተራቸውን ይጠብቁ።

1. ክፍሉን ይለኩ

የሚያስፈልገው ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። የሳሎኑን ርዝመት፣ ስፋትና የጣሪያ ከፍታ ይለኩ። ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ከጆሮዎ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት ይመዝግቡ። በሩ፣ መስኮቱና ሶኬቶቹ የት እንዳሉ በንድፉ ላይ ያመልክቱ። ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ስንት ሳንቲሜትር እንደተረፈም ይያዙ፤ ሱቅ ውስጥ ትንሽ የመሰለ ሳጥን ቡፌው ላይ ሲወጣ የስክሪኑን ጠርዝ ሊሸፍን ይችላል።

ልኬቱ ዕቃው መግባት አለመግባቱን ከማወቅ ያለፈ ጥቅም አለው። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የአንድ ወፍራም ድምፅ ሞገድ ርዝመት የክፍሉን ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ ድምፁ በሁለት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ሳሎን ይህ የሚሆነው 43 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በ3 ሜትሩ ስፋት 57 ላይ፣ በ2.6 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ 66 ላይ። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ ያህል ስለሆነ እነዚህ ቁጥሮች ሙዚቃው ውስጥ ያሉ ናቸው። በጠባብ ክፍል አንዱ የቤዝ ኖታ ቤቱን ሲያናጋ ቀጣዩ ጭራሽ የጠፋ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ስፒከሩ ቢቀየርም ክፍሉ ያው ነው።

ከዚህ ሁለት ውሳኔ ይወጣል። በጣም ጥልቅ ቤዝ የሚሰጥ ግዙፍ ስፒከር ለእንዲህ ያለው ክፍል አያስፈልግም፤ ክፍሉ ራሱ ቤዙን ይጨምርበታል። የመቀመጫው ቦታም ለውጥ ያመጣል፤ ሶፋው ከኋላው ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ቤዙ ከልክ በላይ ይወፍራል፣ ትክክል መሐል ላይ ሲሆን ደግሞ ይሳሳል። ከግድግዳው 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር እንኳ ሳብ ማድረግ ከተቻለ ልዩነቱ ይሰማል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል ከሁሉም አስቸጋሪ ነው፤ የሁለቱ አቅጣጫ ጉላት በአንድ ኖታ ላይ ይደራረባል። እንዲህ ያለ ሳሎን ያለው ሰው ሰብዉፈር ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ።

2. ቤቱ ምን እንደሚያይ ይጻፉ

ቤተሰቡ በሳምንት የሚያየውን በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ዜና፣ ተከታታይ ድራማ፣ የዩቲዩብ ሙዚቃና የአማርኛ ፊልም ከሆነ አብዛኛው የሚመጣው በሁለት ቻናል፣ በስቴሪዮ ነው። የኋላ ስፒከር ቢኖርም የሚያሰማው የራሱ ድምፅ የለውም፤ መሣሪያው የፊቱን ድምፅ ገልብጦ ይሰጠዋል እንጂ።

5.1 የሚባለው አሠራር ማለትም ሦስት የፊት፣ ሁለት የኋላና አንድ የወፍራም ድምፅ ቻናል የሚገኘው እንደ ኔትፍሊክስ ባሉ አገልግሎቶች በሚቀርቡ ብዙ ፊልሞች፣ በብሉሬይና በዲቪዲ ዲስኮች፣ በቪዲዮ ጌሞችም ላይ ነው። ከዝርዝርዎ ውስጥ ይህ ድርሻው ትንሽ ከሆነ ስድስት ሳጥን መግዛት ገንዘቡን ስድስት ቦታ መበተን ነው።

3. የስፒከሩን ዓይነትና ቁጥር ይወስኑ

ገበያው ላይ ያለው ምርጫ ብዙ ቢመስልም ለጠባብ ክፍልና ለመጠነኛ ገንዘብ የሚጠቀሱት አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ሁለት ስፒከር ነው። አንደኛው ሳጥን ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሁለተኛው በገመድ ከእሱ ጋር ይያያዛል፣ በቃ። ለ12 ካሬ ሜትር ሳሎን ከሁሉም የሚመከረው ይህ ነው፤ ገንዘቡ በሙሉ ሁለት ሳጥን ላይ ስለሚውል ጥራቱ ከዋጋው በላይ ይሆናል። የታወቀ ምሳሌ የቻይናው ኤዲፋየር ኩባንያ አር1280 ተከታታይ ነው፦ ባለ 4 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል)፣ በጠቅላላው 42 ዋት አርኤምኤስ፣ የአየር ቀዳዳውም ፊት ለፊት ስለሆነ ግድግዳ ሲጠጋ አይቸገርም። ግን ስሙን አይቶ ብቻ መግዛት አይበቃም። አር1280ቲ የተባለው የሚቀበለው የተለመደውን የአርሲኤ ጃክ ብቻ ነው፤ አር1280ዲቢ የተባለው ኦፕቲካልና ብሉቱዝ ጨምሯል። በመልክ ይመሳሰላሉ፣ በጀርባቸው ይለያያሉ።

ሁለተኛው 2.1፣ ማለትም ሁለት ትንንሽ ስፒከርና ሰብዉፈር ነው። ለተኩስና ለፍንዳታ ፊልም ደስ ይላል። ችግሩ በርካሾቹ ላይ ሁለቱ ስፒከሮች የቡጢ ያህል መሆናቸው ነው። የወንድ ድምፅ ታችኛው ክፍል 100 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፤ ትንሹ ስፒከር እዚያ ስለማይደርስ ሰብዉፈሩ ይረዳዋል፣ በዚህም የተናጋሪው ድምፅ ግማሹ ከስክሪኑ ግማሹ ከጥግ የመጣ ይመስላል። 2.1 የሚገዛ ሰው የጎን ስፒከሮቹ ዉፈር ቢያንስ 3 ኢንች መሆኑን ይይ።

ሳውንድባር ሦስተኛው ነው። ቦታ አይወስድም፣ ገመዱ አንድ ነው፣ ንግግርንም ከቴሌቪዥኑ በእጅጉ አሻሽሎ ያሰማል፤ ቡፌ ለሌለውና ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ ለሰቀለ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ግራና ቀኙ ስለሚቀራረብ የሙዚቃው ስፋት ያጥራል። «ዙሪያ ድምፅ» የሚል ማስታወቂያ ያለባቸው ሳውንድባሮች ድምፁን ከጎን ግድግዳ አንጥረው ወደ ጆሮ ለመመለስ ይሞክራሉ፤ አንዱ ጎን ግድግዳ ሌላው ጎን መጋረጃ ወይም ክፍት ኮሪደር ከሆነ ይህ አይሠራም። ድምፅን ከጣሪያ የሚያነጥሩትን የዶልቢ አትሞስ ሞዴሎች በዚህ በጀት መመኘት አይጠቅምም።

አራተኛው የተሟላ የ5.1 ስብስብ ነው። እዚህ ላይ ጥሩም መጥፎም አለ። ሶኒ ኤችቲ-ኤስ20አር ሳውንድባር፣ ሰብዉፈርና ሁለት ባለ ገመድ የኋላ ስፒከር አለው፤ ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ይገናኛል። ሎጂቴክ ዜድ906 የዶልቢ ዲጂታልና የዲቲኤስ ድምፅ ይፈታል፣ ኦፕቲካል መግቢያም አለው፣ ኤችዲኤምአይ ግን የለውም። ሁለቱም የኋላ ስፒከር የሚቀመጥበት ቦታ ላለው ክፍል ትርጉም አላቸው። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ አንዱ ጎኑ በር ከሆነ ግን የኋላ ስፒከሩ የሚገባበት የለም፤ ያኔ ለማይሰማ ድምፅ መክፈል ይሆናል።

የመጨረሻው ለብቻው የሚገዛ ኤቪ ሪሲቨርና አምፕሊፋየር የሌላቸው ስፒከሮች ናቸው። ከዲሽ ሪሲቨር ጋር አይምታታ፤ ይህኛው ድምፁን ፈትቶ፣ አጉልቶ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍል ማሽን ነው። ዴኖንና ያማሃ ባለ 5 ቻናል ዝቅተኛ ሞዴሎች አሏቸው። መጀመሪያ የሚወጣው ገንዘብ ይበዛል፤ በምትኩ ዛሬ ሁለት ስፒከር፣ ከዓመት በኋላ መሐለኛውን፣ ከዚያ ሰብዉፈሩን እየጨመሩ መሄድ ይቻላል። ከተማ ውስጥ ቤት የሚቀያይር ተከራይ ይህን መንገድ ባይመርጥ ይሻላል፤ ዕቃው ከባድ ነው፣ ገመዱም ይበዛል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከያዙት ከእያንዳንዱ 100 ብር 10ሩን ለገመድ፣ ለማስቀመጫና ለስታብላይዘር ያስቀሩ። ብዙ ሰው በጀቱን ስፒከሩ ላይ ይጨርስና ገመዱን ከተገኘው ይቀጥላል።

4. የካርቶኑን ጽሑፍ ማንበብ ይወቁ

ገዢ በብዛት የሚታለለው እዚህ ነው።

ዋት። ካርቶኑ ላይ ከዋቱ አጠገብ «ፒኤምፒኦ» የሚል ካለ ቁጥሩን ይርሱት። ለፒኤምፒኦ ሁሉም የሚስማማበት የአለካክ ደንብ የለም፤ አምራቹ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። የሚፈለገው «አርኤምኤስ» የሚለው ነው፤ እሱ መሣሪያው ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ያሳያል። ቀላል ማጣሪያም አለ፦ ከጀርባው ላይ የተጻፈውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ይዩ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 5000 ዋት ድምፅ ሊያወጣ አይችልም።

ታዲያ ስንት ዋት ይበቃል? የስፒከር ብርታት በዴሲቤል ይገለጻል። 86 ዴሲቤል የተባለ ስፒከር በ1 ዋት ኃይል 1 ሜትር ላይ 86 ዴሲቤል ይሰጣል ማለት ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ 2.2 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ወደ 79 ይወርዳል። በ10 ዋት 89 ይሆናል። ከአንድ ሜትር ርቀት የሚሰማ ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ጆሮ ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት ለ80 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ በ12 ካሬ ሜትር ክፍል ለእያንዳንዱ ስፒከር 20 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው። ዋቱ ከ20 ወደ 40 ቢያድግ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ እጥፍ የጎላ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ በዋት ላይ ገንዘብ አይጨምሩ።

የድምፅ ክልል። «ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ ከጎኑ «±3 ዴሲቤል» ከሌለው ምንም አይነግርም። ባለ 4 ኢንች ዉፈር 20 ኸርዝ ላይ የሚሰማ ድምፅ አይሰጥም። በሐቅ የተጻፈ 60 ወይም 70 ኸርዝ በግምት ከተጻፈ 20 ይሻላል።

ኦም። ይህ የሚያሳስበው ለብቻው ሪሲቨር የሚገዛን ሰው ነው። በጀርባው «6–16 ኦም» የሚል ሪሲቨር ላይ ባለ 4 ኦም ስፒከር ሲገናኝ ማሽኑ ሊግልና ሊጠፋ ይችላል። ባለ 8 ኦም ስፒከር ከየትኛውም ጋር ይስማማል።

ሳጥኑ። ክብደቱን በእጅ ይመዝኑ፣ ጎኑን በጣት ያንኳኩ። ኤምዲኤፍ የሆነ ሳጥን ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስስ ፕላስቲክ ይንቀጫቀጫል፣ ይህም ንቅጫቄ ከንግግሩ ጋር ተደባልቆ ይሰማል።

5. የቴሌቪዥኑን ጀርባ በፎቶ ይያዙ

ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት የቴሌቪዥኑን መሰኪያዎች በስልክ ያንሱ። ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹ አንዱ «ኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ ካለው ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ተገኘ ማለት ነው። ይህ አሠራር በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ሲሆን ድምፁን ከቴሌቪዥኑ መልሶ ወደ ስፒከሩ ይልካል፤ በአንድ ሪሞትም ድምፅ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ገመዱ መሰካት ያለበት ኤአርሲ በተባለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ድምፅ ካልመጣ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ የሚባለው አማራጭ መከፈቱን ይዩ፤ ሳምሰንግ ይህን አኒኔት፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ብለው ይጠሩታል።

ኦፕቲካል ቀጣዩ ምርጫ ነው። ሁለት ቻናልንም ሆነ ተራውን የዶልቢ ዲጂታል 5.1 ድምፅ ያሳልፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሱቅ የሚመልስበት አንድ ነገር አለ፦ ሁለት ስፒከር ብቻ ያላቸው ብዙ ሞዴሎች ዶልቢን መፍታት አይችሉም፣ ስለዚህ ዝም ይላሉ ወይም ጫጫታ ያወጣሉ። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ «ፒሲኤም» የሚለውን መምረጥ ችግሩን ይፈታዋል።

ቴሌቪዥኑ የቆየ ከሆነና ሁለቱም ከሌሉት የጆሮ ማዳመጫ ጃኩን በሁለት እግር የአርሲኤ ገመድ መጠቀም ያዋጣል፤ ለስቴሪዮ ይበቃል። ብሉቱዝን ለዘፈን እንጂ ለፊልም አይተማመኑበት። ድምፁ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ሊዘገይ ስለሚችል ከንፈርና ቃል ይለያያሉ።

6. ለመብራቱ ይጠንቀቁ

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም በሻንጣ የመጣ ስፒከር በጀርባው «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለው በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው፤ የፍጆታውን ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ሥጋት የለም። አንዳንዶቹ ከጀርባቸው የቮልት መቀየሪያ አላቸው፤ ከመሰካት በፊት 220 ወይም 230 ላይ መሆኑን በዓይን ያረጋግጡ። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ በቮልት ይስማማል፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያው ግን አዳፕተር ይጠይቃል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ስለሚችል ቴሌቪዥኑንና ስፒከሩን በአንድ ስታብላይዘር ላይ ያድርጉ። በርካሽ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅም ስፒከርም አብሮ መሰካት የ«ህምም» ድምፅ ሊያመጣ ይችላል።

7. ሱቅ ውስጥ ያዳምጡ

የሚያውቁትን ድምፅ በፍላሽና በስልክ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ የሚከፍተው ዘፈን ስፒከሩን ለማሳመር የተመረጠ ነው። ሦስት ዓይነት ድምፅ ይበቃል። ሰዎች ቀስ ብለው የሚነጋገሩበት የአማርኛ ድራማ ያድርጉ፤ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» የሚያፏጩ ወይም የታፈኑ ከሆነ ያንን ስፒከር ይተዉት። በገና ያድርጉ፤ የአውታሮቹ ንዝረት አንድ በአንድ መለየት አለበት። የሙላቱ አስታጥቄን ዓይነት ቫይብራፎንና ቤዝ ያለበት ሙዚቃ ይጨምሩበት፤ ቫይብራፎኑ ሲመታ ጥርት፣ ቤዙ ሲሄድ ኖታው ተለይቶ መሰማት ይኖርበታል።

ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ በእኩል የድምፅ መጠን ይሁን። ትንሽ የጎላው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ሻጭም ይህን ያውቃል። «ቤዝ ቡስት»ና «3ዲ» የመሳሰሉትን አስጠፍተው ይስሙ። ሱቁ ትልቅና ክፍት ከሆነ ቤዙ ቀለል ብሎ ይሰማል፣ ቤት ሲገባ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ተመሥርተው ትልቅ ሰብዉፈር አይምረጡ።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ መሸፈኛውን ገልጠው የዉፈሩን ዙሪያ ይመርምሩ። ጠርዙ ፎም ከሆነ በዕድሜ ይበሰብሳል፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ላስቲክ ከሆነ ይቆያል። ወረቀቱን በሁለት ጣት በእኩል ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይግፉት፤ የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ጥቅልሉ ተጎድቷል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ዘንድ ጆሮ አስጠግቶ መስማትም ያስፈልጋል፤ የተቃጠለ ትዊተር በሱቅ ጫጫታ ውስጥ አያስታውቅም። ደረሰኝና የመመለሻ ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ካርቶኑን ቢያንስ ያ ቀን እስኪያልፍ አይጣሉ።

8. በቦታው ያስቀምጡ

አንድ ዓይነት ስፒከር በአቀማመጥ ብቻ ሌላ ዕቃ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ነፃ ነው።

በብዙ ሳሎን ስፒከሩ የሚሄደው ወደ ቡፌው መደርደሪያ ውስጥ ነው። ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። መደርደሪያው እንደ ሁለተኛ ሳጥን ያስተጋባል፣ የወንድ ድምፅም ጎርናና ይሆናል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ስፒከሩን እስከ መደርደሪያው ጫፍ ወደ ፊት ያውጡት፣ ከሥሩም ወፈር ያለ ላስቲክ ያንጥፉ። የአየር ቀዳዳው ከኋላ ከሆነ ከግድግዳው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ።

ሁለቱ ስፒከሮችና የእርስዎ መቀመጫ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ከቴሌቪዥኑ 2.2 ሜትር ለተቀመጠ ሰው በስፒከሮቹ መካከል 1.8 ሜትር ጥሩ ነው፤ ይህ ዶልቢ ለፊት ስፒከሮች በሚመክረው ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ ይገባል። ትዊተሩ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል፣ ማለትም ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ይሁን። ቡፌው ዝቅ ያለ ከሆነ የስፒከሩን ፊት ትንሽ ወደ ላይ ማጋደል ይበቃል። መሐለኛ ስፒከር ካለ ከስክሪኑ ሥር ወደ ጆሮ ተጋድሞ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከመቀመጫው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ከጆሮ ከፍ ብለው ይቀመጡ።

ገመዱ መዳብ ይሁን፤ በእንዲህ ያለ አጭር ርቀት ከመብራት ዕቃ መሸጫ የሚገኝ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ባለ ብዙ ክር ገመድ በቂ ነው፣ ውድ ገመድ ምንም አይጨምርም። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኙ። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ የተናጋሪውም ድምፅ ከመሐል መምጣቱን ትቶ በክፍሉ ይበተናል። ዜና አንባቢ ትክክል ከስክሪኑ መሐል የሚናገር ከመሰለ ግንኙነቱ ልክ ነው።

ለሰብዉፈር አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን እርስዎ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ወይም አጠገቡ ያድርጉት፣ ቤዝ ያለበት ሙዚቃ ይክፈቱ፣ ከዚያ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዝቅ ብለው እየሄዱ ያዳምጡ። ቤዙ እኩልና ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ጥግ ውስጥ መወሸቅ ቤዙን ያበዛዋል፣ ኖታዎቹን ግን ያደባልቃል። ለጠባብ ሳሎን 8 ኢንች ዉፈር ይበቃል።

ባዶ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና መስታወት ቀጭኑን ድምፅ ያስተጋባሉ፤ ምንጣፍና ወፈር ያለ መጋረጃ ንግግሩን ወዲያው ያጠራሉ። ቤዙን ግን አይነኩትም። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍም ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ አያደርግም።

9. ያስተካክሉና ጎረቤትን ይጠይቁ

ኤቪ ሪሲቨር ከሆነ አብሮት የመጣውን ማይክ ጆሮዎ በሚሆንበት ቦታ አድርገው ራሱን እንዲለካ ይፍቀዱለት። ከዚያ ስፒከሮቹ «ስሞል» ላይ፣ ወፍራሙ ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ የሚተላለፍበት መለያ (ክሮስኦቨር) 80 ኸርዝ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ስፒከሮቹ በጣም ትንንሽ ከሆኑ ወደ 120 ከፍ ይላል። ያለ ማይክ ሲሆን ሰብዉፈሩን ዜሮ ላይ ይጀምሩና ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ሰብዉፈሩ ራሱን ችሎ መሰማት ሲጀምር ትንሽ መልሰው ይቀንሱ። ማታ ልጆች ሲተኙ «ናይት ሞድ» የሚለውን ያብሩ፤ ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል።

የብሎኬት ግድግዳ ንግግርን በመጠኑ ያግዳል፣ ወፍራም ድምፅን ግን ያሳልፋል፤ ቤዙ በወለልና በግድግዳ አልፎ ከላይና ከታች ይሰማል። ከሰብዉፈሩ ሥር ወፍራም ላስቲክ ወይም ፎም ማድረግ ንዝረቱን ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ማስተካከሉን እንደጨረሱ ማታ ማታ በሚያዩበት የድምፅ መጠን ፊልም ከፍተው ጎረቤት ቤት ይግቡና ያዳምጡ። ቤዙ እዚያ የሚሰማ ከሆነ ሰብዉፈሩን ይቀንሱ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም ጨርሰው ያጥፉት።